የተቆለፈበት ክሪስታል፦ የወ/ሮ ማህደር ተክለሃይማኖት የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ማህደር ከአባታቸው ከአቶ ተክለሃይማኖት ዋሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ በ1961 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በኬሚስትሪ ሁለት ዲግሪ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ። በ1987 ዓ.ም. ከአቶ አሮን ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሙሉን ወለዱ። በ1995 ዓ.ም. አቶ አሮን ኩዌት አገር ነዳጅ ድርጅት ሲቀጠሩ ቤተሰቡ ማንጋፍ የሚባል ሰፈር ገባ፤ እሳቸውም በኩዌት ከተማ በአንድ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ።

ማህደር ቀናተኛ ነበሩ። ደግ ደጉን ብቻ እንድጽፍ ተነግሮኛል፤ ያለ ቅናታቸው ግን ታሪካቸው አይሞላም። እኔ ታናሽ እህታቸው፣ እዚያው ኩዌት ሳልዋ ሰፈር በአንዲት ማዳም ቤት እየሠራሁ ኬሚስትሪን ከመጽሐፎቻቸው ብቻዬን የተማርኩት፣ በዕረፍት ቀኔ በጁምዓ ስጠይቃቸው ከእኔ ደኅንነት በፊት የሚያወሩልኝ ስለ ፕላቲነማቸው ነበር።

ቀዩን የፕላቲነም ጨው አሟሙተው፣ ሽታው ከሚከረፋ ፈሳሽ ጋር አዋህደው፣ ፕላቲነም ከካርቦን ጋር የተያያዘበት አዲስ ውህድ አዘጋጁ። አወቃቀሩ በኤክስሬይ እንዲታይ ግን ጥሩ ክሪስታል ያስፈልጋል። ለዚህም ውህዱ ባለበት ፈሳሽ ላይ ቀለል ያለ ፈሳሽ በቀስታ ደርበው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ክሪስታሉ እስኪያድግ መንካት ክልክል ነው። እሳቸው ግን የሥራ ባልደረባቸው የአቶ ሙንዚር ቱቦ በክሪስታል መሙላቱን ባዩ ቁጥር የራሳቸውን አንስተው ያያሉ። ፈሳሾቹ ይደባለቃሉ፤ የሚቀረው ዱቄት ነው። ሙንዚርም እንቁላሏን የማታምን ዶሮ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ጥር ወር በጉበት ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሙንዚር እንዳይነኩባቸው ቱቦውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። በዚህም እሳቸው ራሳቸው ሊነኩት አልቻሉም። ሕመሙ ሲጸናባቸው ሙንዚርን አስጠርተው፣ ቁልፉን እያቀበሉ፣ «ክፈተው፤ ጥናቱ ላይ ግን ስሜ ከስምህ ይቅደም» አሉ።

ሙንዚር ሲከፍቱ ቢጫ ክሪስታሎች አድገው አገኙ፤ በኤክስሬዩም አነሷቸው። ፕላቲነሙ መሐል፣ ዙሪያውን የተያያዙት አራት አተሞች እንደ ካሬ ጠፍጣፋ ሆነው። ሥዕሉን የሁለቱም ስም ተጽፎበት አልጋቸው ድረስ አመጡላቸው፤ ማህደር ስማቸው መቅደሙን አይተው ነው ሥዕሉን ያዩት። ቁልፉን አጠገባቸው ለተቀመጥኩት ለእኔ አለመስጠታቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማህደር መጋቢት 14 ቀን 2000 ዓ.ም. በ39 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እናታቸውንና እኔን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም በማይቀድማቸው ስፍራ ያሳርፍልን።