ከሰላምታ የማያልፍ መልእክት

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2007፣ መተማ ዮሐንስ

የእትዬ ዘነቡ ልጅ በሕይወት አለ! የማኅበራችንን ሴቶች አገር ሁሉ የሚያየው፣ ከመቶ አርባ ፊደል የማያልፍ አጭር መልእክት በስልክ መለጠፍ ሳስተምር ከረምኩ፤ የእሳቸው ሁሌም ሰላምታው ላይ ፊደሉ ያልቅና የልጁ ስም ሳይገባ ይቀራል። «ያለ ሰላምታ ልጄን እንደ ከብት ልጥራው?» ይሉኛል። ትናንት እሺ አሉ። የልጃቸውንና አብሮት በሱዳን በኩል የተሰደደውን የእትዬ ጥሩዬን ልጅ ስም ብቻ ጻፍን።

ዛሬ ልጁ ራሱ ከሊቢያ መለሰ፦ «እማ፣ አለሁ። ደሳለኝን ግን በረሃ በላው።»

ጮክ ብዬ ያነበብኩት «አለሁ» እስከሚለው ድረስ ነው። ማንበብ ገና የሚለማመዱት እትዬ ጥሩዬ ከሁሉም ቀድመው እልል አሉ። «አንዱ ካለ የኔም ደሳለኝ አለ ማለት ነው። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፤ ለመድኃኔዓለም ማንም እንዳይቀር» እያሉ በየቤቱ ሲጠሩ ዋሉ።