በሁሩሙ መንገድ ያላቆምንለት ሰው

ተሰማዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ልልህ ብዕር አንስቼ እጄ ቆመ። ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሰው ፊት አንቱ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ እልህ ነበር። አሁን አጠገቤ ማንም የለምና አንተ ልበልህ።

ቤታችን ደህና ነው። የሳር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል፤ የመቱ ዝናብ ሲወርድበት ጆሮ ያደነቁራል። ልጃችን አስቴር ጎሬ አስተማሪ ሆና ተቀጥራለች፤ በየአስራ አምስት ቀኑ እየመጣች ታየኛለች። ባርኔጣህን ከምስማሩ አላወረድኩትም። አንዳንድ ቀን በጓሮ በኩል የመኪናህ በር ሲዘጋ እሰማና "መጣህ?" እላለሁ። ወጥቼ ሳይ መጋዘኑ እንደተቆለፈ ነው።

የምጽፍልህም ስለዚያች መኪና ነው። ጣሊያን ሲሸሽ በያዩ ጫካ ውስጥ ጥሏት የሄደውን፣ አንተ በበሬ አስጎትተህ አውጥተህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈታ ስትገጥም የኖርክባትን አረንጓዴዋን መኪና። የተነሳች ቀን የሰፈር ሰው በእልልታ ወጥቶ ነበር። ከዚያ የእህቴ ሠርግ በሆነበት ጥር፣ ከበደሌ እንደተመለስን መጋዘን አስገባሃትና "ሞተሯ ሞቷል" አልከኝ። እስክትሞት ድረስ በሰው ካሚዮን ቡና ስትጭን ኖርክ እንጂ አልነካሃትም።

ዘንድሮ መስከረም ወንድምህ ግርማ መጣ። "እትዬ፣ ጅማ ላይ የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች ተሰባስበው ሰልፍ ሊያሳዩ ነው። የወንድሜንም መኪና ሰው ይያት እንጂ!" አለኝ። የአንተ ስም በሰው ፊት ሲጠራ ልስማ ብዬ እሺ አልኩ። ጎማውን ለወጠ፣ ባትሪ አመጣ፣ የቤንዚን ቧንቧውን ጠረገ። አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባና "እትዬ፣ የሞተ ሞተር እኮ የለም። አንድም የተሰበረ ነገር አላገኘሁም" አለኝ። እንግዲህ ለምን ዋሸኸኝ?

በጥቅምት መጨረሻ ማለዳ ተነሳን። ግርማ እየነዳ፣ እኔ በድሮ ቦታዬ ተቀምጬ። ሁሩሙን እንዳለፍን ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ግርማ ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ ከመኪናዋ ወርጄ ስቆም አንድ ሽማግሌ ከቡናው ውስጥ ወጡ። እኔን አላዩኝም። መኪናዋን ዞሯት፣ በእጃቸው መዳፍ በሯን ነኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው በኦሮምኛ፣ "ባለቤቱ የታለ?" አሉኝ። "ሦስት ጥር ሳይመጣ ቀረ። ታሞ ነው?"

"ኦቦ፣ ባለቤቴ ሞቷል" አልኳቸው። "ከየት ያውቁታል?"

መሬት ላይ ተቀመጡ። ስማቸው ጉታ ነው። ሚስታቸው ጫልቱ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ስትጨነቅ፣ በቃሬዛ ተሸክመው እዚያው መንገድ ዳር አውጥተዋት ነበር፤ ወደ በደሌ፣ ሐኪም ወዳለበት የሚሄድ መኪና ቢገኝ ብለው። የመጣችው አንድ መኪና ብቻ ነበረች። እጃቸውን አነሱ። አላቆመችም። ጫልቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው ሞተች፣ ከነልጇ።

"በሳምንቱ ባልሽ ለቅሶ መጣ" አሉኝ። "በእግሩ መጥቶ ሰው መሃል ቆመና፣ ያለፍኳችሁ እኔ ነኝ አለ። ወንድሞቼ ሊገድሉት ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጣልኩት። ከዚያ በየዓመቱ ጥር ይመጣል። ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሄዳል።"

ተሰማ፣ እኔ በየዓመቱ በጥር ማለዳ ወጥተህ ማታ ስትገባ ሴት ይዘሃል ብዬ ስንት ጊዜ ሰደብኩህ! አንድ ቀን እንኳ ወዴት እንደምትሄድ አልነገርከኝም።

ያ ቀን እንዳለ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የኋላው ወንበር በድፎ ዳቦና በማር ገንቦ ሞልቶ ነበር። ሠርጉ ረፍዶብናል። አንድ ሰው መንገድ ዳር እጁን ሲያነሳ አንተ እግርህን ከነዳጁ ላይ አነሳህ። እኔ ነኝ ክንድህን ይዤ "አትቁም፣ ቦታ የለንም" ያልኩህ። ከዛፉ ሥር በጋቢ የተሸፈነ ነገር ነበር። የቡና ጆንያ መስሎኝ ነው ብዬ እንዳልዋሽህ፣ ከጋቢው ሥር እጅ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አይቼ ፊቴን ወደ ፊት መለስኩ።

ለእኚያ ሰውም ነገርኳቸው። "ኦቦ፣ አትቁም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሊቆም ነበር" አልኳቸው። አልሰደቡኝም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ወዴት ቸኩላችሁ ነበር?"

"ሠርግ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ተነስተው ወደ ቡናቸው ገቡ።

ጅማ ደረስን። መኪናህን ከመኳንንቱ መኪኖች ጋር አሰለፏት፣ ስምህ ተጠራ፣ ሰው አጨበጨበ። ፎቶ አንሺው "እመቤት፣ አጠገቧ ይቁሙ" ሲለኝ እግሬ እምቢ አለ። ግርማ ብቻውን ቆመ። ስንመለስ ከአጋሮ እስከ መቱ ድረስ በየዛፉ ሥር እጁን ያነሳ ሰው አየሁ። አንዳንዱ እውነተኛ ሰው ነበር፤ ግርማን እያስቆምኩ ጫንናቸው። አንዳንዱ ጋ ስንደርስ ግን ማንም አልነበረም። ግርማ ይቆምና እንደገና ይነሳ ነበር።

አሁንም አያቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ገበያ ስወርድ። አንተ ይህን ይዘህ አጠገቤ ስንት ዓመት ተኛህ? ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣህ እሞክራለሁ፣ አልችልም።

ጥር ሲገባ ኦቦ ጉታ ደጅ እሄዳለሁ። ቢያስገቡኝ እቀመጣለሁ፣ ባያስገቡኝ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። በዓመቱም እመለሳለሁ። አስቴር አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ስትለኝ፣ የጫልቱን ስም ጠርቼ እጀምርላታለሁ፤ ማን አትቁም እንዳለህም አልደብቃትም። እስካለሁ አስታውስሃለሁ፣ እኔን ሸሽገህ ብቻህን ሰው መሃል የቆምክበትን ቀን ጭምር።

ባለቤትህ ወርቅነሽ