ቁልፉ በእናትህ እጅ ሳለ

ውድ የወንድሜ ልጅ ምንይችል፥

ጤናህን የምጠይቅበት አፍ የለኝም፤ ጠመንጃ ታቅፎ በአጅባር ገደላ ገደል የሚያድር ሰው ጤና እንደሌለው አውቃለሁና። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ እናትህ የሻለም ናት፤ እርሷም ከእኔ ጋር ቆማ ሁሉን በዐይኗ ያየች ስለሆነች፥ ከማንበብህ በፊት ውሃ አጠጣት፤ አንብበህም ሳትጨርስ ከመቀመጫህ አትነሣ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ በወግዲ መንገድ አድፍጠህ በአህመዲን ላይ ተኩሰሃል። ጥይትህ የቀኝ ክንዱን አጥንት ሰብራ አለፈች እንጂ አልገደለችውም። የአባትህን ደም ልትመልስ ከጅዳ ድረስ ያመጣህን ቍጣ ማንም እንደ እኔ አይረዳልህም፤ ፈንታሁን ለአንተ አባት ከሆነ ለእኔም የአንድ እናት ልጅ ነው፤ የተፈለጠ ራሱን በነጠላ ጠቅልዬ፥ የተበተነውን አጥንት ከገለባው መካከል ለቅሜ ለመቃብር ያበቃሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ደሙን እንደ ረሳ ሰው አልጽፍልህም።

ሰዎች የነገሩህን አውቃለሁ። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጨው ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ አስቸግሮት በአባትህ ማሳ ላይ በግድ ባረፈ ጊዜ፥ አብራሪው መለዋወጫ ሊያመጣ ሲሄድ ቁልፉን ለዘበኛው ለአህመዲን ሰጠው፤ አህመዲን ደግሞ ከአባትህ ጋር በድንበር የተካሰሰ ሰው ነው። በሞተበት ጠዋት አባትህ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ቀርቦ፥ በሩ አጠገብ የቆመውን አህመዲንን፥ “እስቲ ይቺን ዶሮህን አስነሣልኝ” አለው።

“ቁልፉ ኪሴ ነው ጋሼ ፈንታሁን፤ ድንበሬን ገፍተዋል፥ ዶሮዬን እንኳ ይተዉልኝ” ብሎ መለሰለት።

በአካባቢው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሳቁ ሳያበቃ “ጠቅ” የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በአፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው የፊት ምላጭም ዞሮ አባትህን ጣለው። ጠቅ ያለው ቁልፉ ነው፥ ያዞረውም አህመዲን ነው ተባለ፤ አንተም አመንህ።

እኔ ግን ዕድሜዬን በደብረ ዘይት የአውሮፕላን ሞተር ስጠግን የጨረስሁ ነኝና ገዳዩን ገና ከሩቅ ጠርጥሬው ነበር፤ ፖሊስ አውሮፕላኑን ማንም እንዳይነካ ስለ ከለከለ ብቻ ማረጋገጫ አጥቼ ቆየሁ።

አባትህ ባለወፍጮ ነበር። የወፍጮ ሞተር ናፍጣው ከተዘጋበት ሬሳ ነው፤ ፈንታሁን በየማለዳው ቀበቶውን ሊያስተካክል ያንን ከባድ የብረት መንኰራኵር በእጁ ሲያዞረው ኖሯል፥ አንድ ቀን እንኳ አልነከሰውም። ያው የለመደ እጅ ነው የአውሮፕላኑን ምላጭ ጨብጦ ቍልቍል የሳበው። ይህ ሞተር ግን ሌላ አውሬ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይምጋል፤ ሲወጣ የማገውን አፍኖ ይጨምቀዋል፤ በታፈነበት ቅጽበት ካንዴላው እሳት ይተፋበትና ፈንድቶ ፒስተኑን መልሶ ይደልቀዋል፤ አውሮፕላኑን ሰማይ ላይ የሚያቆየው ይህ ማቋረጫ የሌለው ድብደባ ነው። እሳቱንም የሚሰጠው ባትሪ አይደለም፤ ማግኔቶ የሚባል፥ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ከገዛ ሆዱ እሳት የሚወልድ ዕቃ ነው። ባትሪ አየር ላይ ቢሞት ሞተሩ አብሮ እንዳይሞት ተብሎ እንዲህ ተሠራ፤ አንዱ ቢከዳም ሌላው እንዲተካ ማግኔቶው ሁለት፥ በየሲሊንደሩም ካንዴላው ሁለት ሆነ።

እንግዲህ ልብ በል፤ ቁልፉ እሳት አይሰጥም። ቁልፉ ሲዘጋ የሚሠራው ሥራ፥ የማግኔቶውን እሳት በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት አፍስሶ ማፈን ብቻ ነው። ያቺ ሽቦ ከተበጠሰች፥ ቁልፉ በኪስ ቢቀመጥ ወይም ገደል ቢጣል፥ ሞተሩ ነቅቶ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ጠቅ ያለውም በማግኔቶው ውስጥ ያለ ስፕሪንግ ነው፤ ሞተሩ በእጅ በዝግታ ሲዞር ይጠመጠምና፥ እሳቱ እንዲበረታ ድንገት ይፈናጠራል።

ይህን በቃሌ ብቻ እመነኝ አልልህም። ቅዳሜ ዕለት ፖሊስ ፈቅዶልን፥ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ጎማዎቹን በድንጋይ አግደን፥ አባትህ በቆመበት ቦታ የባሕር ዛፍ ግንድ ተከልን፤ ቁልፉንም እናትህ ጨበጠችው። የምላጩን ጫፍ በረጅም ገመድ ሸምቅቀን ከዳር ቆምን።

“ዋለ፥ ይሄ ብረትህ ካልተነሣ በዚህ ሽበትህ መሳቂያ ትሆናለህ” አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ አሕመድኑር።

“ከተነሣ ደግሞ ጥምጣምዎን ይወስደዋል፤ ወዲህ ይበሉ” አልኋቸው።

ገመዱን ሳብነው። ጠቅ አለ። ወዲያው ሞተሩ አገሣ፤ ምላጩ ግንዱን እንደ ማሽላ አገዳ ቀንጥሶ ጕማጁን በሼሁ እግር ሥር ወረወረውና፥ ራሱም ተቈልምሞ ቆመ። ሼሁ “ያ ረቢ” ብለው ዘጭ አሉ። እናትህ መዳፏን ዘረጋችው፤ ቁልፉ እዚያው ነበር፥ ከአጨባበጧ የተነሣ ጥርሱ ቆዳዋን ቀዶ አድምቷታል።

“ቁልፉ እኔ እጅ ነው” አለች። “እንግዲያ እኔ ነኝ የገደልሁት?”

የሞተሩን ክዳን ከፍቼ የተበጠሰችውን ሽቦ ለሁሉም አሳየሁ፤ ቀጥዬም አሰርኋት። ከዚያ ምላጩን ደጋግመን አዞርነው፤ ጠቅ ይላል፥ እሳት ግን የለም።

ምንይችል፥ ልትገድል የምታድነው ሰው በመካነ ሰላም፥ በአባትህ ቤት፥ በአባትህ አልጋ ላይ ተኝቷል። ከማሳው ስንመለስ ቤቱ ድረስ ሄዳ ያመጣችው፥ ክንዱንም አጥባ ያሰረችለት እናትህ ናት። ስለ አንተ ብጠይቀው፥ “ልጁን አልፈርድበትም፤ አባቴ ቢሆን እኔም እተኩስ ነበር፥ ብቻ ወላሂ እንዲህ አልስትም ነበር” አለኝ፤ በሕመሙ መካከል ሲስቅ አየሁት።

የፊታችን ዓርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌዎቹ ደሙን ሊያደርቁ እኛ ግቢ ይቀመጣሉ፤ የሟች ልጅ ካልተገኘ ግን ዕርቅ አይሆንም። ጠመንጃህን ለእናትህ ስጣትና ከእርሷ ጋር ና። የአባትህ ነገር ሲነሣ የምታለቅስ እንደ ሆነ አብሬህ አለቅሳለሁ።

ካልሰጠሃትም በሩ አልተቀረቀረም፤ ደጃፉ ላይ ግን እኔ ተቀምጫለሁ፥ እኔን ሳትጥል ወደ አልጋው የሚያደርስ መንገድ የለም። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ ከቤታችን የቀረኸው ወንድ አንተ ብቻ ስለ ሆንህ፥ የእኔን ደም የመመለስ ዕዳ የሚወድቀው በአንተው ላይ ነው። ያን ጊዜ አፈ ሙዙን ወደ ማን እንደምታዞረው፥ መንገድ ሳትጀምር አስብበት።

እግዚአብሔር ልብህን ያብርድልህ።

የአባትህ ወንድም፥
ዋለ