ለከርሞ ያልኩህ አፉታ

ወንድሜ ሁሴን፣ የእናቴ ልጅ፣ አላህ አፈሩን ያቅልልህ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አንተ የሄድከው ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላው ረመዳን በር ላይ ቆሟል። የምጽፍልህ ከልጅ ልጄ ደብተር የኋላውን ገጽ ቀድጄ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ አንተ በሰልፍ የተከልካቸው ሽንኩርቶች ከኔ ፊደል ቀጥ ብለው ይቆሙ እንደነበር አውቃለሁ።

የአገሩን ወሬ ላስቀድምልህ። ማሾው ዘንድሮ ሰጥቷል። ሮቢ ወንዝ ግን ሳስቷል፤ የመስኖው ተራ ጭቅጭቅ በዝቶበታል። ካንተ በኋላ የውሃ አባት አድርገን የመረጥነው ሰው ፊሽካ አይነፋም፤ በስልክ ነው የሚጠራን። ግማሹ አያነሳም፤ ግማሹ ካርድ የለኝም ይላል። አንተ በፊሽካህ ገበሬውን ቀርቶ ውሃውንም ታስደነግጠው ነበር። «ሻምበል፣ ይሄ ቦይ ነው፣ ምሽግ አይደለም» እያልኩ ስቀልድብህ፣ «ምሽግ ቢሆንማ አንተን ከፊት ነበር የማቆመው» ትለኝ ነበር። አሁን በቦዩ ዳር ሳልፍ የምተርበው ሰው አጣሁ። ሰው ሁሉ ያከብረኛል። ክብር ብቻውን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሚስትህ ፋጡማ ደህና ናት። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ቤቴ ግን ከቀብርህ ወዲህ አልመጣችም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንተም እንድታውቀው ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ጀናዛህ ሊሰገድበት ሲል ሼሁ እንደ ደንባችን ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ይሄ ወንድማችሁ የበደለው ሰው ካለ አፉ ይበለው፤ ይቅር ይበለው» አሉ። ሰዉ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» አለ። ከጀውሃ የመጡት የጭነት ጓደኞችህ አፉ አሉ። ተራቸውን ስላሳለፉ ውሃ የነፈግካቸውም አፉ አሉ። እኔ፣ ታላቅህ፣ ከፊት ቆሜ አፌ አልከፈት አለኝ። ፋጡማ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ዳር ሆና የኔን ድምፅ ነበር የምትጠብቀው። ከሦስት ቀን በኋላ ለቅሶ ቤታችሁ ውሃ ስታቀብለኝ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎን ድምፅ አልሰማሁም» አለችኝ። ውሃውን ሳልጠጣ መለስኩላት።

ሁሴኔ፣ ነገሩን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ይሄን ያህል ዘመን በቀልድ ሸፍኜዋለሁና አንድ ጊዜ እንኳ ከሥሩ ልናገረው።

ልጄ ሰይድ ወታደር ልሁን ብሎ ከቤት ሲጠፋ ወዳንተ ነበር የመጣው። አንተ ያኔ መቶ አለቃ ነበርክ፣ ሰሜን ግንባር። ከአጎቱ ጋር ነው ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ። አንድ ቀን የያዛችሁትን ጋራ ልቀቁ ተባላችሁ። ቁስለኞቹ ወርደው እስኪያልቁ መትረየስ ይዞ ከላይ የሚቀር ሰው ያስፈልግ ነበር። ሰይድን አስቀረኸው። ቁስለኞቹ ወረዱ፣ ጦርህ ተረፈ፣ ሰይድ አልወረደም። አንተን ሻምበል አድርገው ሜዳይ ደረትህ ላይ አንጠለጠሉልህ።

ፈቃድ ወጥተህ ስትመጣ ሜዳዩ በኪስህ ነበር። ጥይት ድንገት አገኘው ብትለኝ አምንህ ነበር። አንተ ግን ደጃፌ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆመህ፣ ሳትቀመጥ፣ «እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አልከኝ። «ሌላውን ባስቀር፣ የሰው ልጅ ማግዶ የወንድሙን ልጅ አተረፈ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አልከኝ። ውጣ አልኩህ። ወጣህ።

ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ከዚያ ጦሩ ተበተነና አንተም በእግርህ መጣህ፤ ወደኔ ግን አልመጣህም። ጀውሃ መኪና ትጭናለህ ሲሉኝ አላመንኩም። ሄጄ አየሁህ። የማሽላ ጆንያ ተሸክመህ በእንጨት መወጣጫ ላይ ትንቀጠቀጣለህ፤ የመኪናው ረዳት «ቶሎ በል አንተ» ይልሃል። ያ ሁሉ ሰው የታዘዘልህ ሻምበል «እሺ» ትለዋለህ። ቁጣዬ እዚያው ከጆንያው ሥር ቀረ። ጆንያውን ስታወርድ ጠብቄ፣ «ጌታው፣ ማዕረግህን ጀርባህ ላይ ነው እንዴ የሰቀሉልህ?» አልኩህ። ሳቅክ፤ ወዲያው እንባህ መጣ። ይዤህ ወደ ሮቢ ተመለስን።

በዚያው ዓመት፣ ለረመዳን ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ሲባባል፣ አንተም ሽርጥህን አጥብቀህ ደጄ ላይ ቆምክ። እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠኸኝና «በሰይድ ጉዳይ አፉ በለኝ» አልከኝ። ልቤ ብሎሃል፣ ወላሂ። አፌ ግን መተረብ የለመደ ነውና «ዘንድሮ አልተመቸኝም፤ ለከርሞ ና» አልኩህ። ከርሞ መጣህ። «ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከኋላ ቁም» አልኩህ። በሌላው ዓመት «ሻምበል ሆነህ ትዕግሥት የለህም?» አልኩህ። እንዲህ እየተባባልን ሁለታችንም ሸበትን። አንተ አንድም ዓመት አላጓደልክም።

ለምን እንደያዝኩብህ ልንገርህ። ሰይድ መቃብር የለውም። እናቱ ቀድማ ሄደች፤ ጓደኞቹ ተበተኑ፤ ልጆቼ ሲያድጉ ስሙን ረሱት። በዓመት አንድ ቀን «ሰይድ» ብሎ ደጄ የሚገባ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። አፉ ብልህ፣ ሁለተኛ ለምን ትመጣለህ? ስሙንስ ማን ይጠራልኛል? ስለዚህ ያዝኩህ። ልጄን ያስቀረኸውን አንተን፣ ልጄን እንድታመጣልኝ በየዓመቱ ስሙን አስጠራሁህ።

ያ የቅርቡ ጦርነት ወደ ቆላው ሲወርድ ደግሞ አስታውስ። ከተማው ባዶ ሲሆን፣ እኔ በዚህ በተረገመ ጉልበቴ አልሄድም ብዬ ተቀመጥኩ። ፈረሱ የጠፋ ጋሪ ጎትተህ መጣህና እንደ ማሾ ጆንያ ጫንከኝ። በአሊዩ አምባ መንገድ ስትጎትተኝ ፈረስ ጥሩ አይደለህም እያልኩ ስሰድብህ፣ ድንገት ቆምክ። ፊትህን ሳታዞር «አሁንስ ማንንም አላስቀርም» አልከኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ወሬውን ተውና ጎትት» አልኩህ። አላህ ይማረኝ ሁሴኔ፣ ከዚያ የተሻለ ቀን ከየት ላመጣ ነበር?

አምና ስትመጣ ከስተሃል። በብትር ነው የመጣኸው። ወታደራዊ ሰላምታውን ተውከውና ትከሻዬን ሳምከኝ። «ዘንድሮስ?» አልከኝ። አየሁህ፤ ፊትህ ላይ ሞትን አየሁ፤ አይቼ ካድኩት። «ምነው ቸኮልክ፣ ለከርሞ ይደርሳል» አልኩህ። እንዳትሞትብኝ ቀጠሮ የሰጠሁህ መስሎኝ ነበር። ሳቅህ ሳል ሆነብህ። «እሺ ጋሼ» ብለህ ጫማህን ስትፈልግ ብዙ ቆየህ። ጎንበስ ብዬ እንኳ አላቀበልኩህም።

ቀብርህ ላይ ዝም ያልኩት ስለዚህ ነው። በሰው መሀል «አፉ ብያለሁ» ብል፣ አንተ በሕይወት ሳለህ የለመንከኝን ከሞትክ በኋላ መስጠቴ ሆነብኝ። አፈርኩ። ያም ሌላ በደል ሆነ።

ባለፈው አርብ ከስግደት በኋላ ሼሁን ብቻቸውን ይዤ ጠየቅኳቸው። ከመቃብር በኋላ አፉታ ይሠራል ወይ አልኳቸው። «በል፤ የሚሰማው አላህ ነው» አሉኝ። እኔም ይኸው እላለሁ፤ ቀልድም የለበት፣ ቀጠሮም የለበት። ሁሴን ወንድሜ፣ በልጄ በሰይድ አፉ ብዬሃለሁ። ከጀውሃው ጆንያ ጀምሮ ብዬህ ነበር። በዱንያም በአኼራም ከአንተ የምፈልገው ሐቅ የለኝም።

እኔንስ? ይሄን ሁሉ ዓመት ደጄ ያመላለስኩህን እኔን ማን አፉ ይለኛል? ይሄን ሼሁን አልጠየቅኳቸውም፤ ፈራሁ።

አንድ ሰው አለች። በየዓመቱ ነጭ ሽርጥህን አጥባ የምትልክህ፣ ባዶ እጅህን ስትመለስ እራት የምታቀርብልህ። ነገ ዋዜማ ነው። ታላቅ ሆኜ፣ ሽማግሌ ሆኜ፣ ወደ ፋጡማ ደጅ እሄዳለሁ። የሰይድንም ያንተንም ስም ጠርቼ አፉ በይኝ እላታለሁ። እግሬ እስካለ ድረስ ሁለታችሁን በየዋዜማው ሳልጠራ አላድርም፤ ቃሌ ነው።

ምናልባት ታየኝና «ጋሼ፣ ለከርሞ ይምጡ» ትለኛለች። ብትል ሐቋ ነው። ከርሞም እሄዳለሁ።

ታላቅህ