ሳጥኑን ያሰፋን ሰሞን

ጥቅምት 3 ቀን 2007፣ ሰኞ

ዛሬም "ቦታ የለም" አለኝ። የሰርግ ፎቶ ላስገባ ስል። ሳጥኑን ማለቴ ነው፤ ቡፌው ላይ ሽታዬ ዳንቴል አልብሳ ያስቀመጠችውን። ቴሌቪዥን አይደል፣ ሬዲዮ አይደል፣ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። የስቱዲዮውም የቤቱም ኮምፒውተር ፎቶ የሚያስቀምጡት እሱ ውስጥ ነው። ሁለት ዲስክ አለው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። ስገዛው "ለልጅ ልጅ ይበቃል" ብለውኝ ነበር... ለልጅም አልበቃ።

ሽታዬ "እሱም ሞላ፣ አንተም ሞላህ" አለች። ሆዴን እያየች። ሚስት እንደዚህ ናት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የብርጓል መጣች። የጥላ ጠጋኙ የድረስ ሚስት፤ ነፍሱን ይማረውና። ክረምቱን ጣሪያዋ አፍስሶ ግድግዳ ላይ የነበረው የድረስ ፎቶ በስብሷል። ያላት ፎቶ እሱ ብቻ ነበር። ህዳር 7 ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለተዝካሩ አሳድጌ እንዳወጣላት ፈለገች።

"አለህ አይደል ጋሽ እንዳላማው?"

"እኔ ቤት ፎቶ ይጠፋል እንዴ?" አልኳት።

በሚሊኒየሙ መስከረም ነው ያነሣሁት። ከዚያ በኋላ ድረስ ሁለት ወር አልቆየም።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። "ድምፁን አልረሳሁም። ፊቱ ግን እየጠፋብኝ ነው።"

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ፍሥሐ ሳጥኑን አየልኝ። የጓሮዋን ክፍል የተከራየን፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል የሚሠራው የአርባ ምንጭ ሰው።

"አሮጌ ቢሆንም ይሠራል ጋሼ፤ ዲስኮቹን ብቻ በትልልቅ እንለውጥ። ከሁለት ቴራ በላይ ግን አይቀበልም። ዕድሜው አይፈቅድለትም።"

እንደኔው ነዋ።

መጀመሪያ አንዱ ዲስክ ይወጣና ትልቁ ይገባል። የቀረው በአዲሱ ላይ እስኪገለበጥ ይጠበቃል። ከዚያ ሁለተኛው ይለወጣል። ከሁሉ በፊት ግን ለክፉ ቀን ሁሉንም ወደ ፍሥሐ ተንቀሳቃሽ ዲስክ መቅዳት አለብን... እሷ ደግሞ ትንሽ ናት፣ አትበቃም።

"ድግግሞሹን እናጠፋለን" አለ። "የድሮው ካሜራዎ ባትሪው ሲያልቅ ቀኑን ወደ ፈረንጅ 2000 ይመልሳል። በዚያ ስም ሁለት ሦስቴ የተቀመጠ ብዙ ነገር አለ። ብቻ አዲስ አበባ ደርሼ ዲስኮቹን ይዤ እስክመጣ ምንም አይንኩ።"

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ነካሁ። እጄ መቼ አርፎ ይቀመጥና! "ፈልግ" የሚለው ላይ 2000 ብዬ ጻፍኩ፣ የመጣውን ሁሉ መርጬ አጠፋሁ። ይሄ ነው እንዴ "አይንኩ" የሚያሰኘው? ብዙ ቦታ ተለቀቀ። ቦታ ሲጠብቅ የቆየውን ሰርግም አስገባሁበት።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ፍሥሐ መጣ። "ምን አጠፉ?" አለኝ። "ድግግሞሹን" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ወደ ተንቀሳቃሿ ቀዳ፤ ልክ በቃች። የመጀመሪያው አዲስ ዲስክ ገባ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር መገልበጡ ከአንድ ይጀምራል። ሽታዬ "ሻማ ላብራለት?" አለችኝ፣ ለሳጥኑ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውም ገባ። ሁለት ቴራ! አሁን የማርቆስን ከተማ በሙሉ ባነሣ ይበቃኛል። የድረስን ፎቶ ላወጣላት ተቀመጥኩ።

የለም።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ገባኝ። ፎቶዎቼን የማስቀምጠው በእኛው ዓመት ሰይሜ ነው። የሚሊኒየሙ ማኅደር ስሙ "2000" ነበር። የፈረንጁን 2000 ላጠፋ የእኛን 2000 ጠርጌ ጣልኩ። ያን መስከረም እኔ ዘንድ ፎቶ ያልተነሣ የማርቆስ ሰው አለ? አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ቤተሰቡን አሰልፎ... ሁሉም ሄዱ።

ሁለት ዲስክ አለኝ ብዬ ስንት ዓመት ተኛሁ። ከአንዱ ሲጠፋ ከሌላውም ይጠፋል። ግልባጭ ስሕተትንም ይገለብጣል። ተንቀሳቃሿም ላይ የለም፤ እሷ የተቀዳችው ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ሽታዬ "ምን ሆነሃል?" አለች።

"ፍሥሐ ፎቶ አጠፋብኝ" አልኳት።

ለምን እንዲህ አልኩ?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሽታዬ ፍሥሐን ሰላምታ ነሥታዋለች። እሱ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ፣ ምሳ ሳይበላ፣ ሁለት ከሰዓት ሙሉ አሮጌዎቹ ዲስኮች ላይ ተደፍቶ የጠፋውን ይፈልግልኛል። ዓይኔን ከዓይኑ እያሸሸሁ ዋልኩ።

"በላዩ ላይ ሰርግ ተጽፎበታል ጋሼ" አለ። አርባ ያህል መለሰ፤ ሁሉም ግማሽ ግማሽ። ድረስም አለ። እስከ ቅንድቡ። ከዚያ በታች ግራጫ ነው።

አልቻልኩም። ሽታዬን ጠራኋትና እሱ ፊት "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ይህን ለማለት ሁለት ቀን ፈጀብህ?" አለችና ለፍሥሐ ምሳ ልታቀርብ ገባች። እኔን ብላ አላለችኝም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ለየብርጓል ነገርኳት። ቤቷ ሄጄ።

"ታዲያ ሰው ለተዝካሩ ሲመጣ ምን ልስቀል? ጥላውን?" አለች።

ይቅርታ ልጠይቃት ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"በቃ ተወው። ሆን ብለህ አላጠፋኸው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

እድር ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሃያ ዓመት በእድሩ ስኖር የተነሣሁት "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብዬ ፎቶ ለማንሣት ብቻ ነው። ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የሚሊኒየሙ ፎቶ ያለው ያምጣልኝ፣ ገልብጬ በዕለቱ እመልሳለሁ አልኩ።

ሊቀመንበሩ አቶ ጸጋው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እድሩ የሚቀብረው የሞተውን ነው። አንተ በቁማችን ቀበርከን በለኛ!"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ እንባ እያቀረረ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

እየመጡ ነው። ከነፍሬሙ፣ ከነምስማሩ። አንዱ ቄስ ከዳዊታቸው መሐል አወጡልኝ። ፍሥሐ ስካነር ተውሶ አመጣ፤ ከሥራ ሲመለስ አብረን እንገለብጣለን። እስካሁን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ድረስን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሁሉንም ጥላ ጠግኗል። ፎቶው ግን ማንም ዘንድ የለም። ማን የጥላ ጠጋኝ ፎቶ ያስቀምጣል?

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተራው የጎረቤታችን የጤናዬ ፎቶ ነበር። ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ አደባባዩ ላይ። ጭረቱን ላጠፋ አጎላሁት። ከትልቁ ልጅ ትከሻ ጀርባ አንድ ሰው የተጠገነ ጥላ ዘርግቶ ወደ ሰማይ እያየ...

"ፍሥሐ!" ብዬ ጮህኩ። ሽታዬም እየሮጠች መጣች።

ድረስ ነው። ይስቃል።

ህዳር 7፣ እሑድ

ተዝካሩ ወጣ። ፎቶው አድጎ ዳሱ ውስጥ ተሰቀለ። ጥርት አላለም፤ ከዚያች ጥግ ከዚህ በላይ አይወጣም። የብርጓል ቀረብ ብላ አየችው።

"ጥርሱ!" አለች። "የፊት ጥርሱ! ክር እየበጠሰበት ነበር የወለቀው... ረስቼው ነበር እኮ!"

ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሰውም አብሮ። ቀዳሾቹ ሳይቀሩ ጥርሱን ሊያዩ ተጠጉ።

እኔ ለብቻው ባነሣሁት ላይ አፉ ግጥም ያለ ነበር። "ኮስተር በል" ብዬው ይሆናላ! ሰባት ዓመት የተሰቀለው ያ ነበር።

ህዳር 8፣ ሰኞ

የብርጓል ጠዋት ቤት መጣች። ድረስ ሌላም ፎቶ ላይ ቆሞ እንደሆነ ልይ አለች። ሽታዬ ወንበር አቀረበችላት። ሁለት መቶ ሰባ ስምንቱን አንድ በአንድ አየን። ድረስ ሌላ ቦታ የለም። እሷ ግን ማየቷን አላቆመችም። ሰው በመጣ ቁጥር ስም ትጠራለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደገባ። እኔ ሥር ሥሯ እጽፋለሁ። አርባ ስድስት ስም ላይ ደረስን።

አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት ላይ ስንደርስ "ይህችን ታውቃታለህ?" አለችኝ።

"ሁለቴ አንስቻታለሁ።"

"ስሟን ነው የምልህ።"

አላውቀውም። ነገረችኝ። ጻፍኩት።