ቅዳሜ የምነፋው እኔ ነኝ

ውድ ዱላው፣

ወንድሜ፣ ወገብህን እንዴት አደረገህ? የኔን ጤና አትጠይቅ፤ ተናድጄ ስለሰነበትኩ ደሜ ሞቆ ጎረምሳ ሆኛለሁ።

መልእክትህ ደርሶኛል። «ጥርስህ ስላለቀ፣ ቅዳሜ በሟቹ ጓዳችን በክላርኔቱ መታሰቢያ ላይ ሶሎውን ሌላ ሰው ይነፋል፤ አንተ ከፊት ተቀምጠህ ታጨበጭባለህ» ብለሃል። የባንዱ መሪ አንተ ነህ፣ የምትመራባት ዱላም በእጅህ ናት፤ ሥልጣንህ እንደተከበረ ነው። ትራምፔት ያለ ፊት ጥርስ እንደማይነፋም አላጣሁትም፤ ከንፈር በምን ይደገፋል! ግን አላጨበጭብም። ክላርኔቱ አልጋ ላይ ሳለ እጄን ይዞ፣ «ስትሸኙኝ ያቺን ዜማ አንተው ንፋልኝ፤ ሌላ ሰው ከነፋት ተነስቼ እመጣለሁ» ሲለኝ አጠገቤ ነበርክ። እርጅና ጥርስ ይበላል እንጂ ቃል አይበላም።

ስለዚህ ወደ ስልክ ጠጋኟ ልጄ ሱቅ ገብቼ ሥራ አስፈታኋት። ጣት የምታህል ኮምፒውተር ሰጠችኝ፤ ማይክሮኮንትሮለር ይሏታል። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ባዘር የሚሏት ጥቁር ድምፅ ማውጫ በሽቦ አያይዛባታለች። ባዘሯ የምታውቀው ፒፕ ማለት ብቻ ነው፤ ግን የየኖታውን ከፍታና ርዝመት በቁጥር ጽፈህ ከሰጠሃት ዜማ ታወጣለች። በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ አይሆንላትም። ለኔስ መቼ ሆኖልኝ ያውቃል?

መጀመሪያ አናደደችኝ። አንድ ዓይነት ኖታ ሁለቴ ሲመጣ አጣብቃ እንደ አንድ ትጮኸዋለች። ልጄ «በመሃላቸው ትንሽ ዝምታ ጻፍላት፣ አባባ» አለችኝ። ጻፍኩ። ያኔ ትልቁ ጉዷ ታየኝ፦ አትተነፍስም! እኔ በምተነፍስበት ቦታ ሁሉ ዝምታ ጨመርኩላት።

«አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ወረቀቱ ላይ ዕረፍት የለም።»

«ወረቀቱ ሳንባ የለውማ!»

አንተ ዕድሜህን ሙሉ በዚያች ዱላህ ስትገሥጸኝ የኖርክበት፣ ከዜማው መሃል የምሰርቃት ትንፋሽም አለችበት። አላወጣትም።

ትናንት መሣሪያዋን ይዤ የክላርኔቱ ሚስት ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፍታልኝ ዕቃ ወደ ማጠቧ ተመለሰች። እኔም ባዘሯን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ለቀቅኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ ድምፅዋ የትንኝ ነው። ግን ያቺ የተሰረቀች ትንፋሽ ላይ ስትደርስ ከጓዳ የውሃው ድምፅ ቆመ። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች።

«አንተ ቀልማዳ፣ ዛሬም እዚያው ቦታ ትተነፍሳለህ?»

ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዜማው እስኪያልቅ ቆማ ሰማችና፣ «ቅዳሜም ልክ እንዲህ ንፋለት» አለችኝ።

እንግዲህ ዱላው፣ ማይክራፎኑን ለባዘሯ እንዲደርስ ዝቅ አድርገህ ጠብቀኝ። ተተኪዬ ከፈለገ ከኔ በኋላ ይንፋ፤ ጎበዝ ነው፣ ለሱ አጨበጭብለታለሁ። «አይሆንም» የምትል ከሆነ ግን ለኔ አትንገረኝ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው የክላርኔቱ ሚስት ናት፤ ፊቷ ቆመህ ለሷ ንገራት።

ያንተው
አንደኛ ትራምፔት