የእንግዶች ቀን መጋረጃ

ለተከበሩ ሲስተር ርዕሰ መምህርት፣
የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። የእንግዶች ቀን ድካም ጤናዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያን ሁሉ ሰዓት ቆሞ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ፈገግ ማለት ወገብንም መንጋጋንም ይይዛልና ጥቂት ቀን አረፍ ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋው ሴትዮ ነኝ። የተማሪዎችዎን ሱሪ ጉልበት ስጥፍ ስለምውል ልጆቹን ከፊታቸው ይልቅ በጉልበታቸው አውቃቸዋለሁ። ከዚያም በላይ ቤት ውስጥ ሚጢጢ የምንላት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስላለችኝ፣ ምናልባት በዚህ መንገድ ይደርስዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሰኞ ዕለት በልጄ ቦርሳ የላኩልኝ ቅጽ ነው። ቅጹ «ልጄ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ጋር ባለመመጣጠኗ በገዛ ፈቃዴ አስወጥቻታለሁ» ይላል፤ እስከ ዓርብ ፈርሜ እንድመልስም ታዝዣለሁ። እኔ ራሴ የማላውቀውን ፈቃዴን አስቀድመው አውቀው በማሳተምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚያው ቦርሳ ውስጥ ግን የትምህርት ቤቱ ባለቀለም በራሪ ወረቀት አብሮ ስለተገኘ፣ እዚያ ላይ በትልልቅ ፊደል በተዘረዘሩት አራት መርሐ ግብሮች ማለትም በሥነ ጥበብ፣ በቴክኖሎጂ፣ በቋንቋና በልዩ ድጋፍ ላይ ያለኝን አድናቆት ብዕሬን ለፊርማ ከማንሣቴ በፊት በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ) ስለ ሥነ ጥበብ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አርባ ሁለት ወፎች ተሰቅለው አይቻለሁ። አርባ ሁለቱም ወደ ግራ ያያሉ፣ አርባ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምንቃርና አንድ ዓይነት ክንፍ አላቸው። ከአንድ ንድፍ አርባ ሁለት ኮሌታ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚያደክም በሥራዬ ስለማውቅ የሥዕል መምህሩን ከልቤ አደነቅኩ። የሚጢጢ ወፍ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቀኝ የምትሄድ ነበረች፤ መምህሩ «ወፍ እንዲህ አትሳልም» ብለው በማርከር አስተካክለውላታል። አሁን ከፊትም ከኋላም ምንቃር አላት። ከእንግዶቹ አንዱ አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ተነሥቷልና ድካማቸው በከንቱ አልቀረም።

፪ኛ) ስለ ቴክኖሎጂ። ትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች እንዳሉት ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ፤ የአቧራ ልብሳቸውን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ልካቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። የክፍሉን ኃላፊ ልጆቹ «ጋሼ አትንኩ» ነው የሚሏቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ተማሪ እስካሁን አላገኘሁም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ካርቶን ላይ የተሳለ ኪቦርድ በጣታቸው ሲነካኩ ከርመው፣ በእንግዶች ቀን ልብሱ ተገፎ በበሩት ኮምፒውተሮች አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ልጄ እውነተኛው ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። ይወርዳል መሰለኝ አልኳት፤ እኔም ከልብሱ አልፌ ነክቼው አላውቅም።

፫ኛ) ስለ ቋንቋ። አንደኛ ክፍል የሚማረው የወንድሜ ልጅ፣ አባቱ ከጋራዥ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ሲገባ ጎንበስ ብሎ «የተከበሩ እንግዳችን ሆይ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይለዋል፤ ያውም በሦስት የውጭ ቋንቋዎች። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ነበር። በሳምንቱ ልጁ ሱሪውን አርጥቦ መጣ። በሦስቱ ቋንቋዎች ሽንት ቤት ልሂድ ማለት ገና አልተማሩም፣ በገዛ አፋችን መጠየቅ ደግሞ በግቢው ውስጥ ያስቀጣል። እሰየው፣ ይህን የመሰለ ጨዋነት የት ይገኛል!

፬ኛ) ስለ ልዩ ድጋፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ካልኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ተስቆበት ሊታለፍ የሚችል ነውና።

ሚጢጢ ማንበብ ያስቸግራታል። ፊደሎቹ ዓይኗ ላይ ይተራመሱባታል፤ ሰነፍ አይደለችም፣ የአእምሮ ጉድለትም የለባትም። የድጋፍ መምህርቷ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከጎኗ ትቀመጥና፣ መሐሉ በመቀስ የተቀደደ ካርቶን ገጹ ላይ አስቀምጣ አንድ መስመር ብቻ እንድታይ ታደርጋት ነበር። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ካርቶንና ትዕግሥት። በሦስት ወር ውስጥ ልጄ ከሱቄ ማዶ ያለውን «የጫማ እድሳት» የሚለውን ሰሌዳ ማንም ሳይጠይቃት ጮክ ብላ አነበበች። ጫማ ሠሪው በድንጋጤ መዶሻውን ጣለ፤ እኔ ደግሞ ማሽኔ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሁለታችንም እስካሁን በዚያ እናፍራለን።

ከዚያ የእንግዶች ቀን ቀረበ። እርስዎም በጥበብዎ መምህርቷን የመዝሙር አሠልጣኝ አደረጓት፤ የድጋፍ ክፍሉም ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ በሩ ላይ «የልዩ ድጋፍ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ልጆች እንዳያቆሽሹት ተቆለፈ። ለእኔም ለኮሪደሩ የሚሆን ሰፊ መጋረጃ እንድሰፋ ትእዛዝ ደረሰኝ። ለጌጥ ነው ተባልኩ። ለልጄ ትምህርት ቤት ነው ብዬ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደግሜ ሰፋሁት፤ እስከዚያ ቀን እንደዚያ አድርጌ የሰፋሁት የራሴን የሠርግ ልብስ ብቻ ነው።

በዕለቱ ከመጋረጃው አንዱ ቀለበት ተፈታ ተብዬ መርፌና ክር ይዤ መጣሁ። በማዕከልዎ በር በኩል ሳልፍ አራት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው እንደ ውኃ ሲያነቡ ሰማሁ። አራቱንም አውቃቸዋለሁ፤ በየዓመቱ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የሚወጡት ናቸው። እርስዎ ደግሞ ለእንግዶቹ እነዚህ ልጆች ከሦስት ወር በፊት ፊደል አይለዩም ነበር እያሉ ያስረዱ ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። ወይ ጉድ ብዬ ወደ መጋረጃዬ ሄድኩና ገለጥ ሳደርገው፣ ከጀርባው፣ በአሮጌ ከበሮዎችና በተሰበሩ ወንበሮች መካከል፣ አሥራ አንድ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። ዝም እንዲሉ የታዘዙት እንግዶቹ ድንገት አንብቡ እንዳይሏቸው ነው። ከዳር አራተኛዋ ሚጢጢ ናት። ስታየኝ አልጮኸችም፣ አልተነሣችም፤ እኔም ዝም እንድል በጣቷ አመለከተችኝ።

ሲስተር፣ እውነቱን ልናገር። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ሰው ሰውን ሲገፋም አይቻለሁ፤ ልጅን ደብቆ በልጅ ስም ጭብጨባ መቀበልን የመሰለ የሚቀፍ ነገር ግን አላየሁም። ያንን መጋረጃ በእነዚህ እጆቼ ሰፋሁት ስል እጄን መታጠብ ያምረኛል። ቅጹ የመጣውም ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። ልጄ ከደረጃዎ ጋር አልተመጣጠነችም ማለትዎ እውነት ነው፤ ካየሁት በኋላ ደረጃዎ ከልጄ እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ቅጹን ሳልፈርም መልሼዋለሁ። ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ አይቻለሁ፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው ሁሉ ውስጥ የድጋፍ መምህርት የሚባል ነገር የለም። ያለችው አንዷ እርስዎ ዘንድ ናት፤ መዝሙር ታስጠናለች። ልጄ ከዚህ በር ከወጣች ማንበቧ እዚያችው ሰሌዳ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከምንም በላይ ትሕትና በተሞላበት ልመና የምጠይቀው መምህርቷ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ብቻ ነው። ምንጣፉን ማንሣት ይችላሉ፤ ልጆቹን መሬት ላይ መቀመጥ አስተምረዋቸዋል። ማክሰኞ ጠዋት ሚጢጢን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩትን የቀሩትን አሥር ልጆች እናቶችም ጠይቄ ነበር፤ ዘጠኙ እንመጣለን ብለዋል፣ አሥረኛዋ ሥራዋ ስለማይመቻት ባሏን ትልካለች።

በመጨረሻም መልካም ፈቃድዎን በጽኑ እየተማመንኩ፣ ለሚቀጥሉት እንግዶችዎ መንገዱ የቀና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ጥሩ የማየት ችሎታ እንዲሰጥዎ በመጸለይ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የትምህርት ቤቱ ጠጋኝ፣
የሚጢጢ እናት

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦ የሦስተኛ ክፍል ልጆች በመጪው ቅዳሜ የመጀመሪያ ንስሐቸውን እንደሚገቡ፣ ኃጢአታቸውንም በወረቀት ጽፈው ለአባ እንዲያቀርቡ መታዘዛቸውን ያውቃሉ። ልጄ ትናንት ከማሽኔ አጠገብ ተቀምጣ፣ ያለማንም እርዳታ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። «እንግዶች ሲመጡ ማንበብ ስለማልችል ሲስተርን አሳፈርኳቸው» ይላል። ወረቀቱን ወስጄባታለሁ፤ ኃጢአቱ የእሷ አይደለምና። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለባለቤቱ ልኬዋለሁ።